በሥላሴ ዕለት የታሰረው ሰንሰለት

ትራክተር ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል። ጉልበቱስ አለ፤ ያጣው መርገጫ ነው። ጎማው በከንቱ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አፈር እየዛቀ ወደ ኋላ ይወረውራል፤ እንዲህ እያለ የገዛ ጉድጓዱን ይቆፍራል። ሞተሩ በጮኸ መጠን ጉድጓዱ ይጠልቃል። ይህን የተረዳሁት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ከአከራዬ እህት ማሳ ዳር ቆሜ ነው።

አከራዬን አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው ባላምባራስ እያለ ነው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ ፈረስ ይወዳሉ፤ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚሄዱት በፈረስ ነው። ከቤተሰባቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲናደዱ ግን ሁለቱንም ይቀላቅሉታል። በዚያ ዓመት በጋ ላይ ለዘመድ ጉዳይ ቆላ ወርደው፣ ተዘግቶ በቀረ አንድ እርሻ ውስጥ የቆመ አሮጌ ትራክተር አይተው ተመለሱ። ካዩት ወዲያ እንቅልፍ አልነበራቸውም። በሬዎቻቸውን በሙሉ ሸጡ። ያም አልበቃ ሲል ወደ ታናሽ እህታቸው ሄዱ።

እህታቸውን እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአንድ ጥማድ በሬና ከወንዙ አጠገብ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት የጤፍ ማሳ ነው። ባላምባራስ፣ "በሬዎችሽን ሽጪና ጨምሪበት፤ ከእንግዲህ ያንቺን መሬት ከእኔ አስቀድሜ አርሳለሁ" አሏቸው። እትዬ ሸጡ። እንግዲህ የዚያ ዓመት እንጀራቸው ያለው በትራክተሩ ላይ ነው ማለት ነው።

ከትራክተሩ ጋር ሹፌሩም አብሮ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ሁመራ በትራክተር ሲያርስ የኖረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በሚያዝያ ደረቅ መሬት ላይ ያሳየው ነገር ጉድ ነበር፤ ከጥሊሊ ገበያ የሚመለሰው ሰው ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ያይ ነበር። የእትዬ ማሳ በዚያን ጊዜ ተደጋግሞ ታረሰ። የቀረው መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ አንድ ጊዜ አለስልሶ ዘሩን መጣል ብቻ ነው። ነገር ግን ማሳው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። በሬ በሊጥ ላይ ይራመዳል፤ ትራክተር አይራመድም። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰመጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጎረቤቱ ተጠርቶ በገመድና በእንጨት አወጣው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በዚያ አገር ጤፍ ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ ከተዘራ፣ ሊያሸት ሲል ውርጭ ይደርስበታል። በሬ ያለው ሁሉ የራሱን ለማድረስ ይሯሯጣል፤ በዚያ ሰሞን ጥማድ አውሱኝ ማለት ሰውን ማሳፈር ነው። ባላምባራስም ትራክተር ገዝተው በሬ መለመን አልሆነላቸውም።

ሰንሰለት ይታሰርለት ያልኩት እኔ ነኝ። ወደ ሥራ ቦታዬ ስመጣ የአባይ በረሃ መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ ነበርና፣ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጎማው ላይ ሰንሰለት ሲታሰር ቆሜ አይቻለሁ። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሄደና ከአንድ ትልቅ የመንገድ መጥረጊያ መኪና የወለቀ አሮጌ ሰንሰለት በሁለት አህያ አስጭኖ መጣ። ሰንሰለቱ ከአህዮቹ ላይ ሲወርድ ባላምባራስ አዩት።

"ይህ የእስረኛ ነው?" አሉ።

"እስረኛውማ ይኸው ቆሟል፣ ባላምባራስ" አለ ሹፌሩ ትራክተሩን እያሳየ። "አምልጦ የሚሄድም አይመስልም።"

ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተን አየነው። የጎማ ሰንሰለት እንደ መሰላል ነው። ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች አሉት፤ እነሱን የሚያገናኙ አጫጭር አግዳሚዎች በመካከል ተደርድረዋል። መሰላሉ ጎማው ላይ ሲጠመጠም ረጃጅሞቹ በግራና በቀኝ ይይዛሉ፤ አግዳሚዎቹ በጎማው መርገጫ ላይ ይጋደማሉ። ጭቃውን የሚነክሱት አግዳሚዎቹ ናቸው። የረጃጅሞቹ አንደኛው ጫፍ መንጠቆ አለው፤ ጎማውን ዞሮ ይመጣና በሌላኛው ጫፍ ካሉት ቀለበቶች በአንዱ ውስጥ ይገባል። የእኛዎቹ አግዳሚዎች ግማሾቹ አልቀው እንደ ሽቦ ቀጥነዋል፤ የጠፉትን ደግሞ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው በእውነተኛ ሽቦ ተክቷቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ርዝመቱ ነው። ሰንሰለቱ የተሠራው ለሌላ ጎማ ነውና ለእኛው ይበዛል።

ዝናቡ ሲወርድ በከረመባቸው ቀናት ከባላምባራስ ጋጣ ጥላ ሥር ተቀምጠን ትርፉን ቆረጥን። ሹፌሩ ቀለበቱን በወፍራም ብረት ላይ አስቀምጦ መሮውን ይይዛል፤ እኔ በመዶሻ እመታለሁ። መሮው ይዶለዱማል፣ በድንጋይ እንስለዋለን፣ እንደገና እንመታለን። እትዬ በየማለዳው መጥተው ቆመው ያዩናል፤ ከዚያ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ግን ጠየቁኝ።

"በዚህ ብረት ይወጣል ትላለህ፣ ልጄ?"

ጭቃ ለምን እንደሚያንሸራትት፣ አግዳሚው እንዴት እንደሚነክስ፣ የክብደቱን ነገር ሁሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"እሺ" አሉ። "ዘሩን አበጥሬ ጨርሻለሁ።"

ተቆርጦ ያለቀ ዕለት ማታ ሰማዩ ጠራ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ በዚያ ወር አይተናት የማናውቃት ፀሐይ። ግን የሐምሌ ሥላሴ ነበር።

በዚያ አገር የሥላሴን ዕለት የሚያርስ የለም። ሹፌሩ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሰማዩን አይቶ፣ "እዚህ አገር ፀሐይም ቅዳሴ ካልሆነ አትወጣም" እያለ በግቢው ይንጎራደዳል። እኔም አንድ ደረቅ ቀን እንዲሁ ሊያልፍ መሆኑ አንገበገበኝ። ባላምባራስና እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ፣ ሰንሰለት ማሰር ማረስ አለመሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ። ባላምባራስ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ሰሙኝ። ከዚያ ለእህታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሏቸው። እትዬ መለሱላቸው። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ አንዲት ቃል አልገባኝም፤ የሁለቱን ፊት እያፈራረቅሁ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

በመጨረሻ ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዛሬ ጠዋት ፈረሴን ጭኜ ሥላሴ ሄጃለሁ። ኮርቻ መጫን ሥራ ከሆነ አገሩ ሁሉ በዓል ሽሯል። ይህም ለእሱ ኮርቻው ነው፤ እንጫንለት። ሞተር ግን አይነሣም፤ አገር ይሰማል።"

"መጫኑ ይሁን" አሉ እትዬ። "ከመሬቴ ላይ ግን ዛሬ እግሩን አያሳርፍ።"

ሰንሰለት ሲታሰር መኪናውን ጥቂት ወደ ፊት ወደ ኋላ ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲደረግ ሰንሰለቱ ቦታ ቦታውን ይይዝና ላላ ይላል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይጠበቃል። ሞተር ካልተነሣ ይህ አይሆንም። ይህንን ተናገርኩ። ባላምባራስ፣ "ፈረስ ሳይሄድ ይጫናል" ብለው ከፈረሳቸው ወረዱ።

ትራክተሩን በክሪክ አነሣነው፤ ጎማውን በእጅ እያዞርን ሰንሰለቱን ከላይ አለበስነው። የውስጥ በኩሉ መንጠቆ ገባ። የውጭው ግን እንቢ አለ። በመጨረሻዋ ቀለበት ስናስገባው ሰንሰለቱ እንደ ሰፊ ሱሪ ይንጠለጠላል፤ በቀጣይዋ ለማስገባት ስንስብ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል። ሦስታችን ሳብን። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ፈረሶቻቸውን አጥር ላይ እያሰሩ ገቡና እነሱም ሳቡ። ነጭ የለበሰው ሁሉ ጭቃ ሆነ። ሁለቱ ጣት ሁለት ጣት ሆኖ ቀረ።

ባላምባራስ ጎማውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ነፍቶብናል" አሉ።

"ማን?" አለ ሹፌሩ።

"ይኸው ይህ። ፈረስ ኮርቻ ሲያይ ሆዱን ይነፋብሃል። ማጥበቂያውን ጠፍር ትስባለህ፣ የጠበቀ ይመስልሃል፤ መንገድ ስትጀምር ይተነፍስና ኮርቻው ከነአንተ ከሆዱ ሥር ይገባል። አዋቂ በጉልበቱ ጎሸም ያደርገዋል፤ ሲተነፍስ ያን ጊዜ ይስባል። ይህንንም አስተንፍሰው።"

ሰዎቹ ሁሉ ተስማሙ። እያንዳንዱ ስለራሱ ፈረስ የሚናገረው ነበረው። ሹፌሩ ሳቀና ምስማር አንሥቶ የጎማውን አየር መሙያ፣ ቫልቩን፣ ተጫነው። አየሩ እየፏጨ ወጣ። ጎማው ሲለሰልስ ሰንሰለቱን ሳብን፤ መንጠቆው ጠቅ ብሎ ገባ። በሌላውም ጎማ እንዲሁ አደረግን። ሰንሰለቱ ጎማው ሥጋ ውስጥ እስኪሰምጥ ጠብቆ ነበር። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እትዬም ፈገግ አሉ።

"ባላምባራስ" አልኳቸው፣ "ፈረስ መልሶ በራሱ አየር ይስባል። ጎማ ግን ካልነፋነው አይነፋም።"

"ትነፋዋለህ እንግዲህ" አሉኝ። "አስተማሪ አይደለህ?"

ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር ካለው ሳጥን መንፊያውን አወጣ። መንፊያ ማለት ቱቦ ነው፤ በውስጡ የሚመላለስ ቆዳ አለው፤ ቆዳው ከቱቦው ጋር ካልገጠመ አየሩ ወደ ጎማው በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ ያመልጣል። የእኛው ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እትዬ ቅቤ አመጡ፤ ቀባነው። ጥቂት ለሰለሰ፣ ጥቂት ነፋ፣ ከዚያ ለሁለት ተቀደደ። ሮጬ የትምህርት ቤቱን የኳስ መንፊያ አመጣሁ። የሱ አፍ ቀጭን መርፌ ነው፤ የትራክተሩ ቫልቭ ደግሞ ወፍራም ነው። በጨርቅ ጠቅልለን፣ በእጃችን አፍነን፣ እየተፈራረቅን ነፋን። በጨርቁ በኩል ፊሽ ይላል።

"መምህር፣ ይህ እኮ ኳስ አይደለም" አለኝ ሹፌሩ። "ተወው፤ ጎል አይገባልህም።"

እስኪመሽ ነፋሁ። ጎማው ከታች በኩል እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ጎን ወጣ እንዳለ ቀረ። እኔን ያሰጋኝ ጎማው ታጥፎ ጎኑ እንዳይሰነጠቅ ነበር። ሹፌሩ ግን፣ ሁመራ አሸዋ ላይ ሲያርሱ ሆን ብለው አየር ይቀንሱ እንደነበረ ነገረኝ፤ ለስላሳ ጎማ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል አለ። ይህም ትክክል ነው። ሁላችንም ስለ ጎማ የየራሳችን ትክክል ነገር ነበረን።

በማግስቱ ማለዳ ካፊያ ነበር። ሞተሩ ተነሣ። በግቢው ወደ ፊት ወደ ኋላ አለና ሰንሰለቱን አየነው፤ አልላላም። እትዬ ዘሩን በአቁማዳ ተሸክመው ከማሳው ዳር ቆመው ይጠብቁናል። ትራክተሩ ወደ ዋልካው ገባ።

አልሰመጠም። አግዳሚዎቹ ጭቃውን እየነከሱ፣ ጥቁር ጓል ወደ ሰማይ እየወረወሩ ሄደ። ማረሻው ከኋላው መሬቱን እየገለበጠ ተከተለው። አንድ ትልም ጨርሶ ዞረ፤ ሁለተኛውን ጀመረ። እትዬ አቁማዳውን መሬት አስቀምጠው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባላምባራስ ከፈረስ ላይ ሆነው፣ "አላልኳችሁም?" አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም።

እኔ ከጎማው ጎን ጎን እየሄድኩ ሰንሰለቱን እጠብቅ ነበር። አራተኛው ትልም ላይ ከማሳው እኩሌታ ስንደርስ ዓይኔ ቫልቩ ላይ አረፈ። ቫልቩ ከውስጠኛው ጎማ ተነሥቶ ቸርኬ በሚሉት የጎማው ብረት ቀዳዳ በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነው። አሁን ግን አጋድሏል። ጎማው አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ የበለጠ አጋድሎ አየሁት። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም፤ ክፉ መሆኑ ብቻ ገባኝ። ጮህኩ። ሞተሩ ከእኔ ይበልጣል፤ ሹፌሩ ወደ ፊት እያየ ነው። እጄን እያወዛወዝኩ ወደ ፊቱ ለመድረስ ሮጥኩ፤ ዋልካው አንዱን ጫማዬን ያዘው። ከኋላዬ ድፍን ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያም ረጅም ትንፋሽ። ትራክተሩ እንደ ደከመው ሰው በአንድ ወገኑ ተቀመጠ።

ሹፌሩ ወርዶ፣ ጎማውን ዞሮ አይቶ፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭውን ጎማ ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የሚይዘው በውስጥ ያለው አየር ነው። አየሩ ሲያንስ መያዣው ይላላል። ሰንሰለቱ ባይኖር ጎማው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ከቸርኬው ጋር አብሮ በዞረ ነበር። ሰንሰለቱ ግን መሬቱን ጨብጦ ያዘ፤ ሞተሩ ቸርኬውን ያዞራል፤ ቸርኬው በጎማው ውስጥ ለብቻው ትንሽ በትንሽ እየዞረ ሄደ። ቫልቩ ከውስጠኛው ጎማ ጋር የተጣበቀ፣ በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ የተያዘ ነውና፣ ሁለቱ ሲለያዩ ተቆረጠ። ሰንሰለቱ በደንብ በያዘ መጠን ጎማውን ገደለው።

ሹፌሩ የተቆረጠውን ቫልቭ በኪሱ ይዞ በዚያው ቀን ወደ መንገዱ ወጣ። የውስጥ ጎማ አዲስ አበባ እንጂ በቅርብ አይገኝም። ባላምባራስ ፈረሳቸውን እዚያው ማሳው ዳር ለሰው ሰጥተው በእግራቸው ወደ ጎረቤት ቤቶች ሄዱ። ከሩቅ አያቸው ነበር፤ በየደጁ ይቆማሉ፣ ሰው ይወጣል፣ ይነጋገራሉ፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ማንም እንቢ አላላቸውም። "የእኔን ልጨርስና" ነው ያሏቸው ሁሉም። ከዚህ ሌላ ሊሉ የሚችሉት አልነበረም።

እኔና እትዬ ማሳው ዳር ቀረን። ካፊያው እየበረታ ሄደ።

"ምን ሆነ ነው የምትለው?" አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ቸርኬውን በጡጫዬ፣ ጎማውን በሌላ እጄ መዳፍ አሳየኋቸው፤ ቫልቩን በጣቴ። እንዲህ ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁት ትምህርት ጥቂት ነው። እትዬ እጆቼን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ገባኝ" አሉ። "ታዲያ መቼ ይነሣል?"

ዞር ብዬ ትራክተሩን አየሁት። እትዬ ዘሩ እንዳይበሰብስ ነጠላቸውን አቁማዳው ላይ ጣል አደረጉና ተሸክመውት ወደ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ዶማ ይዤ ሄድኩ። እትዬና ልጆቻቸው ቀድመውኝ ከትራክተሩ ወዲያ ያለውን እየቆፈሩ ነበር። ዋልካ በዶማ አይገፋም፤ ዶማው ይገባል፣ አፈሩን ይዞ አይወጣም። እስከ ቀትር የቆፈርነው አንድ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበትን ያህል ነው። መዳፌ ሲደማ እትዬ ዶማውን ከእጄ ወሰዱት። እኔም ልመልሰው አልታገልኩም።

በሬ የመጣው ሐምሌ ከተጋመሰ በጣም ቆይቶ ነው። ገበሬዎቹ ትራክተሩን እየዞሩ ከማሳው ግማሹን አረሱላቸው፤ ግማሹ ውኃ ተኝቶበት ነበርና ተተወ። ጤፉ በቀለ፣ አደገም፤ በኅዳር ውርጭ ሲወርድ ገና አረንጓዴ ነበር። ሹፌሩ የውስጥ ጎማውን ይዞ ሲመለስ ያገኘው የነጣ ገለባ ነው። ባላምባራስ ካላቸው ድንችና ገብስ ለእህታቸው አካፈሉ፤ የእሳቸውም ቤት ግን ሰው የበዛበት ነበር።

የገና በዓል ሳይደርስ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እትዬ ቆመው አገኘኋቸው። ትልቋ ልጃቸው የእኔ ተማሪ ነበረች፤ የሁለተኛ ክፍል፣ ንባብ ላይ ጎበዝ።

"ወደ አዘና፣ አክስቷ ዘንድ ልሰዳት ነው" አሉኝ። "እዚያ ቢያንስ ትበላለች። እነዚህኞቹን ትንንሾቹን እኔ እይዛቸዋለሁ።"

መልካም ነው አልኳቸው መሰለኝ።

"አክስቷ ያለችው ከከተማው ራቅ ብሎ ነው" አሉ እትዬ። "በዚያ ትምህርት ቤት አለ ወይ?"

አላውቅም ነበር።

"እጠይቃለሁ፣ እትዬ" አልኳቸው።